ከባቡሩ ሐዲድ እስከ ጅቡ መንጋጋ
ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ባቡርና እንስሳት የሚወዱ ልጆች ያሉት የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁለቱን ፍላጎት በመጠነኛ ወጪ በአንድ ጉዞ ሊያሟላ የሚችለው ወደ ድሬዳዋና ሐረር ቢያቀና ነው። ከለቡ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚጓዝበት ሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1.435 ሜትር ሲሆን፣ በድሬዳዋ መሀል የሚገኘው የቀድሞው ጣቢያ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ልጅ በእርምጃው ለክቶ ልዩነቱን ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ከተማይቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተዘረጋው መስመር ስፍራው ላይ በመድረሱ የተቆረቆረች ናት።

ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጉዞ ሐረር ሲደረስ፣ ጀጎል ከሚባለው ጥንታዊ ግንብ ውጭ፣ ሲመሻሽ ጅብ አብሊው የሥጋ ቁራጭ በአጭር እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፤ አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ያለው ነጠብጣባማ ጅብ ሥጋውን ቀስ ብሎ ከእንጨቱ ሲወስድ ማየት፣ በፍርግርግ ውስጥ የተኛ አንበሳ ከማየት እጅግ ይበልጣል። ትንንሽ ልጆች ግን ከወላጅ ጎን ሊለዩ አይገባም። ባቡሩ በየቀኑ ላይነሳ ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የጉዞውን ቀን ጣቢያው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።