የሚበረው ድሮን፣ የሚጠየቀው ሰው



ባለፈው ሰሞን ከተማሪዎቼ አንዱ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። የታላቅ እህቱ ሰርግ ቀርቧል፤ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩት አጎቱም ለሰርጉ ሲመጡ ድሮን ሊያመጡለት ቃል ገብተውለታል። «ኡስታዝ፣ ትንሽ መጫወቻ እኮ ናት። ሜዳው ክፍት ከሆነ ማንም ማብረር ይችላል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ወጣቶችና የብዙ ወላጆች ጥያቄ በመሆኑ መልሱን በዚህ ገጽ ማቅረቡ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። አስቀድመን ድሮኑ የሚገዛበትን አገር ሕግ እንመልከት።

መጫወቻ ወይስ አውሮፕላን?

በአሜሪካ ድሮን ከሱቅ በቀላሉ ይገዛል። በሕግ ዓይን ግን ድሮን የአውሮፕላን ወገን ነው። በመሆኑም የሚቆጣጠረው የትልልቆቹን አውሮፕላኖች በረራ የሚቆጣጠረው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን ያለው ሰው መመዝገብና የምዝገባ ቁጥሩን በድሮኑ ላይ መጻፍ አለበት። የምዝገባው ክፍያ 5 ዶላር ሲሆን ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ለመዝናናት የሚያበርር ሁሉ ደግሞ፣ ድሮኑ ቢቀልም ባይቀልም፣ በነፃ የሚሰጠውን አጭር የደህንነት ፈተና ማለፍና ማስረጃውን መያዝ ይጠበቅበታል።

ከዚህ በተጨማሪ ድሮኑ ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ ከፍ ማለት የለበትም። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያለ ፈቃድ አይበርርም። በብሔራዊ ፓርኮች ማብረር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብራሪው፣ ወይም አጠገቡ ቆሞ የሚረዳው ሰው፣ ድሮኑን ዘወትር በዓይኑ ማየት አለበት። በስልክ ወይም በመቆጣጠሪያው መስታወት የሚታየው ምስል ዓይንን አይተካም።

ከዓይን የራቀው ድሮን

ለመሆኑ ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? መልሱን የልጁ አጎት በሚኖሩበት ከተማ የደረሰው ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጀመሪያ ላይ በሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ በተባለው አካባቢ ከባድ የሰደድ እሳት ተነሳ። ለእሳት አጥፊዎቹ ሥራ ሲባል በአካባቢው ሰማይ ላይ ሌላ በረራ ተከልክሎ ነበር። ይሁንና ጥር 9 ቀን አንድ ሰው የጉዳቱን መጠን ለማየት ሲል ከመኪና ማቆሚያ ሕንጻ አናት ላይ ድሮኑን አስነሳ። ድሮኑ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ሄዶ ከባለቤቱ ዓይን ተሰወረ። ከዚያም ሁለት የበረራ ሠራተኞችን ይዞ እሳቱን ለማጥፋት ከሚበርር አውሮፕላን ጋር ተጋጨና ክንፉን ቀደደው።

አልሐምዱሊላህ አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ነገር ግን ቤት እየነደደ፣ ሰው እየሸሸ ባለበት ሰዓት እሳት አጥፊው አውሮፕላን ለጥገና ሲባል ለቀናት ከሥራ ውጪ ሆነ። ሰውየው ማንንም ለመጉዳት አላሰበም፤ ጥፋቱ ዓይኑ የማይደርስበትን ነገር ማብረሩ ነው።

አብራሪው እንዴት ይገኛል?

ሕግን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ማስከበር ግን ሌላ ነው። መኪና ያጠፋ ሹፌር መሪው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የድሮን አብራሪ ግን ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሊሆን ይችላል። በሎስ አንጀለሱ አደጋ መርማሪዎች ከድሮኑ ስብርባሪ ተነስተው ባለቤቱ ጋ ደረሱ። እርሱም ጥፋቱን አምኖ ለአውሮፕላኑ ጥገና ከ65 ሺህ ዶላር በላይ ለመክፈልና 150 ሰዓት የኅብረተሰብ አገልግሎት ለመስጠት ተስማማ።

አደጋ እስኪደርስ ላለመጠበቅ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተበጅቷል። ምዝገባ የሚያስፈልገው ድሮን ሁሉ በሚበርርበት ጊዜ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታና የመቆጣጠሪያውን ወይም የተነሳበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫል። ታርጋ በሉት። አስተዳደሩ ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በጥብቅ ማስከበር ጀምሯል። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግም አስተዳደሩ በአንድ ጥፋት እስከ 75 ሺህ ዶላር እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጥቶታል።

ቢሆንም በየሜዳው ፖሊስ ሊቆም አይችልም። ደንቡ በአብዛኛው የሚከበረው በአብራሪው ሕሊና ነው።

በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከዚህም የጠበቀ ነው። ድሮንን ከውጭ ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚመለከተውም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን (ኢንሳን) ነው። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስጦታውን ከመግዛቱ በፊት ፈቃዱን ይጠይቅ። ወላጆችም «አምጣልን» ከማለታችን በፊት ይህን እንንገረው።

ደግሞም ሰርጉን አስቡት። የሰርጉ ቤት ግቢ ከጎረቤት ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው። በአጥሩ ማዶ እናቶችና እህቶች በቤታቸው ዘና ብለው ተቀምጠዋል። ሳናስፈቅድ ወደ ሰው ቤት እንዳንገባ ተምረናል። ታዲያ ካሜራ የተሸከመ ድሮን በጎረቤት ግቢ ላይ ሲያንዣብብ ሳያስፈቅዱ ከመግባት በምን ይለያል? የመንግሥት ፈቃድ ቢኖር እንኳ የጎረቤት ሐቅ አይቀርም።

ለተማሪዬም ይህንኑ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው ዛሬ ማታ ለአጎቴ እደውላለሁ» አለኝ።

ጎበዝ ልጅ! ድሮን በራሱ ነውር የለበትም። እርሻ ይቃኛል፣ የጠፋ ሰው ይፈልጋል፤ ለወጣቱም ጥሩ ትምህርት ነው። ነገር ግን የሚበርረው ድሮኑ ቢሆንም የሚጠየቀው መቆጣጠሪያውን የያዘው ሰው ነው። ለልጃችን መሣሪያውን ከመስጠታችን በፊት ይህን አማና እናስጨብጠው።