ኳሱና ጀሪካኑ

ዓለም ገና ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ በማታ ትምህርት ክፍላችን አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሴቷ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ኳስ ካልተጫወትኩ እያለች አስቸገረችኝ። ሴት ልጅ ኳስ ብትራገጥ ምን ታገኛለች? ውሃውንስ ማን ይቀዳልኛል?»

ይህ የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ ጻፍኩት።

ለመሆኑ በአገራችን ሴቶች ኳስ ይጫወታሉ? አዎን፣ ይጫወታሉ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አለን። ቡድኑ ሉሲ ይባላል። ሉሲ ማን ናት? ድንቅነሽ የምንላት ናት። አጽሟ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘ። ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ቡድኑ የተሰየመው በእሷ ስም ነው።

በመስከረም 1997 ዓ.ም. ሉሲዎች ለአፍሪካ የሴቶች ውድድር ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። እስከ መጨረሻዎቹ 4 ቡድኖች ደረሱ። ለ3ኛ ደረጃ ከጋና ጋር ተጫወቱ። ጨዋታው ግብ ሳይቆጠር አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት ጋና አሸነፈች። የእኛ ልጆች 4ኛ ወጡ። ከመላው አፍሪካ 4ኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ሎዛ አበራ የከምባታ፣ የዱራሜ ልጅ ናት። አድጋ ለብሔራዊ ቡድኑ ግብ አግቢ ሆነች። በ2012 ዓ.ም. በአውሮፓ፣ ማልታ በምትባል ደሴት፣ ለቢርኪርካራ ቡድን ተጫወተች። ቡድኗ በዚያ ዓመት የአገሩን ሻምፒዮና ወሰደ። ኳስ እንጀራ ሆነላት።

እርግጥ ነው፣ ሴት ልጅ ሁሉ ሎዛን አትሆንም። ነገር ግን ሜዳ የወጣች ልጅ ሰውነቷ ይጠነክራል። ከጓደኞቿ ጋር መተባበርን ትማራለች። ስትሸነፍ አልቅሳ አትቀርም፤ በማግሥቱ ተመልሳ ትሞክራለች።

የውሃው ነገር ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤት ያለ ውሃ አያድርም። እስቲ እናስተውል። ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሜዳ ይሮጣል። እህቱ ደብተሯን አስቀምጣ ጀሪካን ታነሳለች። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታዲያ ልጅቱን ያስቀራት ኳስ አለመቻል ነው? አይደለም። ጊዜ ማጣት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጀሪካኑም እንደዚሁ ነው።

ይህን ለእናትየው ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ ሳቁና፣ «ወንድሟ ውሃ ሲቀዳ ጎረቤት ምን ይል ይሆን?» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተራቸውን አሳዩኝ። በገዛ እጃቸው፣ ፊደሉን ቀስ ብለው እየለቀሙ፣ እንዲህ ጽፈዋል፦

«ማክሰኞና ሐሙስ ውሃ የሚቀዳ፦ ወንድምየው።»

እናንተስ? በቤታችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ስሙን ጻፉት።