ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

አንባቢ ሆይ፥ ውሃ የሞላበትን ብርጭቆ ከዐይንዎ ከፍ አድርገው ይዘው የውሃውን ገጽ ከሥር በሰያፍ ቢመለከቱት፥ እንደ ተወለወለ ብር ሲያበራ ያዩታል፤ ከበላዩ ያለው ነገር ግን አይታይም። ይኸውም ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሊወጣ ሲል እጅግ አጋድሎ የደረሰ እንደ ሆነ፥ መውጫ አጥቶ በሙሉ ወደ ውሃው ስለሚመለስ ነው። የሰውን ጨጓራ ያለ ብዙ ጭንቅ ለማየት የተቻለውም በዚሁ ጠባይ ነው።

የቀድሞው የጨጓራ መመልከቻ ከፊሉ ብቻ የሚታጠፍ ቧንቧ ነበርና በሽተኛውን እጅግ ያስጨንቅ ነበር። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪም ባሲል ሂርሾዊትዝ፥ ከፊዚክስ ሊቁ ከዊልበር ፒተርስ ጋር ሆነው፥ ከጠጕር የቀጠኑ ብዙ የመስታወት ክሮች በአንድነት የታሰሩበት፥ እንደ ገመድ የሚታጠፍ መሣሪያ አሰቡ። በክሩ አንድ ጫፍ የገባው ብርሃን ከጐን ወደ ጐን እየተመለሰ ከሌላው ጫፍ ይደርሳል። ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዐይነት ተራ ከተደረደሩ፥ እያንዳንዱ አንዲት ነጥብ እየያዘ ሥዕሉን በሙሉ ያመጣሉ።

ነገር ግን ራቁቱን ያለ ክር ከጎረቤቱ ጋር ሲነካካ፥ ወይም የጣት ቅባት ሲያርፍበት፥ በተነካው ስፍራ ብርሃኑ ያመልጣል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዲሴምበር 1956፥ ገና ተማሪ የነበረው ላውረንስ ከርቲስ አንድ የመስታወት ዘንግ ወስዶ፥ ብርሃንን ከርሱ ያነሰ በሚሰብር የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ከተተው፤ ሁለቱንም በእሳት አለዝቦ በአንድነት ወደ ክር ሳባቸው። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ የሚመለሰው ልቡና ልባሱ ከሚገናኙበት፥ እጅ ከማይነካው ወሰን ሆነ።

ልባሱ ግን ክሩ የሚቀበለውን ብርሃን ያጠብበዋል። የልቡ የስብረት ልክ 1.62፥ የልባሱ 1.52 ቢሆን፥ በክሩ ውስጥ ከመካከለኛው መሥመር ከ20 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ጨረር ወደ ልባሱ አልፎ ይጠፋል። ጨረሩ ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ወደ መሥመሩ ስለሚጠጋ፥ ይኸው ወሰን በውጭ ሲለካ 34 ዲግሪ ያህል ነው። ሹል ጫፉ የክሩን አፍ የነካ የመሶብ ክዳን ቢታሰብ፥ በክዳኑ ውስጥ የመጣው ብርሃን ይመራል፤ ከክዳኑ ውጭ የመጣው ግን ቢገባም አይዘልቅም።

በፌብሩዋሪ 1957 ሂርሾዊትዝ መሣሪያውን አስቀድመው ራሳቸው ዋጡት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለበሽተኛ አዋሉት። ዛሬ ኢንዶስኮፒ በሚባለው ምርመራ ሥዕሉን የሚያመጣው በአብዛኛው በጫፉ የተተከለ ታናሽ ካሜራ ነው፤ ወደ ጨለማው ጨጓራ መብራቱን የሚያወርዱት ግን በብዙዎቹ መሣሪያዎች ዛሬም እነዚያው ልባስ ያላቸው የመስታወት ክሮች ናቸው።