በወተታችን ውስጥ ያለው የጥጃ ሐቅ

ወተት ሕፃን የሚያድግበት፣ እንግዳ የሚከበርበት፣ በረመዷን ማፍጠሪያችን ላይ የምንናፍቀው ጸጋ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአን-ነሕል ምዕራፍ 66ኛ አንቀጽ፣ ከፈርስና ከደም መካከል ንጹሕ ወተት የሚያጠጣን መሆኑን እንድናስተነትን አስታውሶናል። ይሁን እንጂ ይህ ወተት ከእኛ በፊት ሌላ ባለ መብት አለው። እርሱም ጥጃው ነው።

በገጠሩ የአገራችን ክፍል የሐበሻ ላም ያለ ጥጃዋ ወተቷን በቀላሉ አትለቅም። አላቢው መጀመሪያ ጥጃውን ይለቀዋል፤ ጥቂት ሲጠባ ላሟ ታግታለች። ከዚያም ጥጃው ፊቷ ይታሰርና እየላሰችው ትታለባለች። ሲያበቃም የቀረችውን እንዲጠባ ይለቀቃል። ጥጃ የሞተባት ላም እንዳትነጥፍ የጥጃዋ ቆዳ ገለባ ተሞልቶ ፊቷ የሚቆምበት ጊዜም አለ። የፈረንጅ ላም ግን ያለ ጥጃም ትታለባለች፤ ክልሷም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ናት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

እኛም ቤት የሆነው

ልጆች ሳለን ቤታችን አንዲት ክልስ ላም ገባች። ወተቷ በየማለዳው ወደ አንድ ሻይ ቤት ይሄድ ነበር፤ የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣችንም ከዚያ ይወጣ ነበር። ስትወልድ ጥጃው በሦስተኛው ቀን ተለየ። የሚሰጠው ውኃ የበዛበት አንድ ጭልፋ ወተት ነበር። ሆዱ ተበላሸ፤ ወር ሳይሞላው ሞተ። ላሟ ወደ ጥጃው ቤት እየዞረች ስትጮህ አደረች። በማግስቱም ወተቱን ለሻይ ቤቱ ያደረስነው እኛው ነበርን።

ከዓመታት በኋላ ደረሳ ሆነን የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ» ስንቀራ የነፈቃ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደረስን። ኢማሙ፣ ግልገሏን እስኪጎዳ ድረስ እናቲቱን ማለብ እንደማይፈቀድ በአጭር ቃል አስፍረዋል። ሸኻችን ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ከእናንተ ቤት የሚታለብ ላም ያለው ማነው?» አሉ። እጃችንን አነሳን። «ጥጃዋስ ደህና ነው?» ሲሉን መልስ አጣን። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዋዳ ኢብን ረቢዕ ለተባለው ሰሓባ፣ ቤተሰቦቹ ግልገሎቻቸውን በሚገባ እንዲመግቡ፣ ሲያልቡም ጡቱን እንዳይጎዱ ጥፍራቸውን እንዲቆርጡ እንዲነግራቸው እንዳዘዙት ሸኻችን አስረዱን።

ማታ ለአባታችን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙ። «እውነት ነው። ግን የደብተሩን ገንዘብ ከየት እናምጣ?» አሉ። ይህ ዛሬም የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ በስብከት ብቻ አይታለፍም።

ዕውቀቱ ምን ይላል?

ጥጃ በሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም ይህን መከላከያ በሚገባ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ 24 ሰዓት ካለፈ የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ወተት ያስፈልገዋል። ጭልፋ ወተት እንግዲህ ምግብ ሳይሆን ማታለያ ነው።

በአውሮፓ በአብዛኞቹ የወተት እርሻዎች ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከእናቱ ይለያል። ባለ እርሻዎቹ ምክንያት አላቸው፦ የሚሸጠው ወተት ይበዛል፣ ጥጃው የጠጣው መጠን ይታወቃል፣ ከእናት የሚተላለፍ በሽታም ይቀንሳል ይላሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባለሙያዎች አስተያየት ጥጃ ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል ከእናቱ ጋር እንዲቆይ፣ ወደፊትም ጊዜው እየረዘመ እንዲሄድ መክሯል። በስኮትላንድ ጋሎዌይ የሚገኘው ሬይንተን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥጆችን ከእናቶቻቸው ጋር ማሳደግ ሞክሮ በኪሳራ አቋረጠ፤ በ2016 እንደገና ጀመረ። ነገሩ ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ግን የማይቻል እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መካከለኛ መንገድ አለ። ጥጃው እንደተወለደ እንገሩን ይጥባ። ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ ከታለበች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይለቀቅ፤ ጡቷም ሙልጭ ተደርጎ አይታለብ። ጥጃው እየጠገበና እየከበደ መሄዱን በዓይናችን እንከታተል። ወንድ ነው ተብሎም አይረሳ። ጡት ሲጥል በአንድ ቀን አይቆረጥ፤ ብዙ አብረው የቆዩ እናትና ልጅ በድንገት ሲለያዩ ጭንቀታቸው ይብሳልና ጊዜው ቀስ በቀስ ይቀነስ። ላሟ የጡት በሽታ ወይም ሳንባ ነቀርሳ የሚያሠጋት ከሆነ ግን አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

አባታችን በሚቀጥለው ወሊድ እንዲህ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሻይ ቤቱ የሚሄደው ወተት ቀነሰ፤ ያን ዓመት በአሮጌ ደብተር ትርፍ ገጾች ላይ ጻፍን። ጥጃዋ ግን አደገች፤ ጊደር ሆነች፤ ወለደች። ጎረቤትም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መረቀን። የመጀመሪያውን ጥጃ ግን እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን እዝነትን የሚማሩት ከመድረሳ ሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ በረት ውስጥ ከምናደርገውም ጭምር ነው። እናንተ ወጣቶችም ብርጭቆውን ስታነሱ «ቢስሚላህ» ከማለታችሁ ጋር ጥጃው መጥገቡን ጠይቁ። አላህ (ሱ.ወ) የአፍ አልባውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!