ቤተ መጻሕፍት የተማሪ ብቻ ነው?

በየወረዳው ከተማ ስለ ቤተ መጻሕፍት ቢጠይቁ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «እሱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ማጥኛ ነው»። ገበሬና ነጋዴ እዚያ ምን ጉዳይ አላቸው? የወሎዎቹ ሐይቅና አምባሰል ግን ይህን አባባል የሚረታ ማስረጃ አላቸው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት አስጻፉ፣ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ዛሬም አለ። እንዲህ ያለ ብራና ቅዱስ ቃል ብቻ የያዘ ለሚመስለው፣ በባዶ ገጾቹ የገዳሙ ንብረትና የመሬት ስጦታ ጭምር ተመዝግቦበታል። የሐይቅ ብቻ ልማድም አይደለም። በየአድባራቱ የርስትና የጉልት ጉዳይ ወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይፍቀዋል! ክርክር ሲነሣም መዝገቡ እሱው ነው።

ይህን የሰማ የአገሬው ተወላጅ «እንግዲያው የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የእኛ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይሻላል። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ የሕዝብ የሚባለው ደግሞ ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገባበት ነው። ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢው የመረጃ ማዕከል ነው።

«ታዲያ አዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ አይደል?» አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ። ከሐይቅ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በማይክሮ ፊልም ተነሥቶ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛል። የሚታወቀው ግን በስሙ ሳይሆን «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» በሚል ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ለፈላጊው ማን ይነግረዋል፣ ግዕዙንስ ማን ያነብለታል? «አምባሰል» ብሎ ለሚፈልግማ ከወረዳው ይልቅ በዚሁ ስም የሚጠሩት የሙዚቃ ቅኝትና ዘፈን ሳይቀድሙ አይቀሩም። ጠያቂውን ከሚፈልገው ጋር ማገናኘት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ ነው፤ መደርደሪያ መጥረግ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ወሰን የሚከራከር የአምባሰል ገበሬ የሚያስፈልገው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 252/2009 ነው። በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ፣ ታትሟል። አንድ ቅጂ የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ማኖርና ማንበብ ለማይችል የሚያነብ ሰው መመደብ ብዙ በጀት አይጠይቅም።