ባቢ ምን አጠፋ?

የክህደት ታሪክ ስናነብ የለመድናቸው ነገሮች አሉ፦ የተደበቀ ቻት፣ ድንገት የሚከፈት በር፣ ከዚያ ጥፊ። «የዩሚ ሴሎች» በሚባለው የኮሪያ ኮሚክ ውስጥ ትልቁን ግርግር ያስነሳው ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የለበትም። ዩ ባቢ ይባላል (አዎ፣ ልክ እንደ ሰፈራችን ባቢ)። ጥፋቱ ልቡ ለትንሽ ጊዜ ወደ ሌላ ሴት ማዘንበሉ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ አንባቢ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስገባችሁ። (መጨረሻው ይነገራል፤ ለማንበብ ያሰባችሁ እዚህ ጋ አቁማችሁ፣ አንብባችሁ ተመለሱ።) ደራሲውም ሰዓሊውም ሊ ዶንግ ገን ነው። ከ2015 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በናቨር ዌብቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየወጣ በ512 ክፍል አለቀ። ዩሚ ሠላሳዎቹን የጀመረች የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ኑድል የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ጭንቅላቷ ውስጥ መንደር አለ። መንደሩ ውስጥ ሰማያዊ የለበሱ ትንንሽ ሴሎች ይኖራሉ፦ የፍቅር ሴል፣ የአመክንዮ ሴል፣ የረሃብ ሴል፣ ብዙ ናቸው። ለአንዲት ቴክስት መልስ ለመስጠት ይሰበሰባሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ይጣላሉ። እኛ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንላለን፤ እዚህ ብቅልም አያስፈልግም፣ የሆዷ ሁሉ በስዕል ፊታችን ተዘርግቷል።

ባቢ የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ ማርኬቲንግ ክፍል። ረጋ ያለ፣ የሚያዳምጥ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ዓይነት። ዩሚ የመጻፍ ችሎታ እንዳላት አይቶ የሚያበረታታትም እሱ ነው፤ በኋላ ሥራዋን ለቃ ደራሲ የምትሆንበት መንገድ ከዚያ ይጀምራል።   በኋላ ግን በሥራ ቦታው ዳኡን የምትባል ወጣት መጣች፤ ወደደችው። እሱም መጀመሪያ ምንም እንዳልሆነ፣ ቀስ በቀስ ግን የሆነ ነገር እንደሆነ ሆነ። ዩሚ ነቃች። ተለያዩ።

እንግዲህ ጭቅጭቁ እዚህ ጋ ነው። ኮሪያውያን ለእንዲህ ያለው ነገር የሚጠቀሙት ቃል «ተነቃነቀ» እንደማለት ነው። ዛፍ በንፋስ ይነቃነቃል፣ ተመልሶ ይቆማል። አማርኛ ሁለት ቃል አለው፤ ሁለቱም እዚህ ይሠራሉ። «ልቡ ዋለለ» ካልን ሰውየው ገና እጃችን ላይ ነው፣ ሊመለስ ይችላል። «ልቡ ሸፈተ» ካልን ግን አለቀ፤ ሽፍታ ጫካ ገብቷል፣ ምሕረት ቢለምንም በእጁ ጠመንጃ ይዞ ነው። የኮሪያ አንባቢዎች ክርክር በኛ ቋንቋ ቢደረግ ኖሮ ከእነዚህ ሁለት ቃላት አያልፍም ነበር። አንዱ ወገን፦ ምንም አላደረገም፣ ስሜት ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም አይሄድም። ሌላው ወገን፦ ማድረግ ማለት ምንድን ነው? ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ እያወቀ ዝም ማለትስ ማድረግ አይደለም ወይ?

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ግን የሚገርመኝ ፍርዱ ሳይሆን የፍርዱ ክብደት ነው፤ ምክንያቱም ከባቢ በፊት ጉ ዉንግ ነበረ። ዉንግ ጌም ሠሪ ነው፤ ከዩሚ ጋር ያስተዋወቃትም የቢሮ ባልደረባዋ ነው። ዉንግ ሥራው ሲከስር ለዩሚ አልነገራትም። አብራው የምትሠራዋ ጓደኛው ሴ ኢ ዓይኗን እንደጣለችበት ዩሚ ስትጨነቅ፣ እሱ ነገሩን እንደ ቀላል አየው። በኩራቱ ምክንያት ግንኙነቱ ፈረሰ። ጥፋት በሚዛን ይመዘን ከተባለ የዉንግ አያንስም። ሆኖም እስከ መጨረሻው «ዉንግ ይመለስ» የሚል ደጋፊ አልጠፋም።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ክፉ ልማዱ ሁሉን ነገር በዋጋ ማየቱ ነው፤ ታገሱኝ። ዉንግ ከመጀመሪያውም በርካሽ የተገዛ አክሲዮን ነው። ጸጉሩን የማያበጥር፣ በቤት ቁምጣ የሚዞር፣ ስሜቱን መናገር የማይችል ልጅ። ሲወድቅ ከትንሽ ከፍታ ወደቀ። ባቢ ግን ጣሪያ የነካ ዋጋ ነበረው፤ አንባቢው እንከን የሌለበት ነው ብሎ ከፍ ባለ ዋጋ ገዛው። ትንሽ ሲንሸራተት ኪሳራው ትልቅ ሆነ። ሌላም አለ፦ የዉንግን ሴሎች ሲጯጯሁ ደጋግመን አይተናል፤ ለምን ዝም እንዳለ ዩሚ ባታውቅም እኛ እናውቃለን። ባቢን ግን በአብዛኛው የምናውቀው በዩሚ ዓይን ነው፤ በስልክ ድምፁ፣ በፈገግታው፣ ትንሽ ዘግይቶ በሚመጣ መልሱ። ማለትም እውነተኛ ፍቅረኛችንን በምናውቅበት መንገድ። በሰው ልብ ውስጥ ገብተን ምክንያቱን ስናይ ይቅር ማለት ይቀለናል፤ ውጭ ቆመን ስንጠብቅ ግን ጥርጣሬ ቦታውን ይሞላዋል።

መጠበቅ ስል ደግሞ እውነተኛ መጠበቅ ነው። ዛሬ አፑን ከፍቶ በአንድ ቅዳሜ መቶ ክፍል የሚጨርስ ሰው የዳኡንን ታሪክ በአንድ ቁጭታ ያልፈዋል፤ ባቢን ቢያዝንበት እንኳ ቡናው ሳይበርድ ዩሚ ቀጣዩ ሕይወቷ ውስጥ ገብታለች። በጊዜው ያነበበው ግን ጥርጣሬውን ተሸክሞ ሥራ ገባ፣ ታክሲ ተሳፈረ፣ ተኛ፣ ተነሳ። ሦስት አራት ቀን ጠብቆ የሚያገኘው አንዲት አጭር ክፍል ነች፤ እሷም «ምናልባት» ብላ ታልቃለች። በዚያ ላይ ናቨር ላይ መጠበቅ ያቃተው አንባቢ «ኩኪ» በሚባለው የአፑ ገንዘብ ከፍሎ ቀጣዮቹን ክፍሎች ቀድሞ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ከፍሎ ያነበበው እውነቱን ያውቃል፣ ያልከፈለው ይጠረጥራል። ይሄ እኮ ራሱ ዩሚ ያለችበት ቦታ ነው፦ ሌላው ሰው የሚያውቀውን አንተ የምታውቀው ዘግይተህ ነው። አንባቢው ባቢ ላይ የጮኸው ስለ ዩሚ ብቻ አዝኖ አይመስለኝም። እሱም ሳምንታት ሙሉ ጠርጥሯል፤ የራሱም ንዴት አለበት።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል የተረሳችው ዳኡን ናት። እሷን መጥላት ቀላል ነው፤ ሴ ኢም ተጠልታለች፣ በቢሮ የዩሚ ተፎካካሪ የነበረችው ሩቢም ተጠልታለች። እስቲ ግን ነገሩን እንደ ሥራ ቦታ ነገር እንየው። አንደኛው የበላይ ነው፣ ልምድ ያለው። ሌላዋ ከሥሩ የምትሠራ ወጣት ናት። ከሰው ሥር የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ አለቆች በሰላምታ ቀኑን ያበሩልሃል፣ በዝምታ ያጨልሙታል፤ አንዲት መልካም ቃላቸው ቅጥር ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ አለቃ ቢጤ ሰው ደግ ሲሆን ደግነቱን በትክክል መለካት ይከብዳል። «ልቤ ዋለለ» ለማለት ባቢ ቅንጦቱ ነበረው። የሷ ልብ ቢዋልልም ባይዋልልም፣ ሰኞ ጠዋት እዚያው ሥራ መግባት አለባት። ለኔ የባቢ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ አንባቢው ግን ብዙም አልተነጋገረበትም፣ ሁሉም ዩሚን አቅፎ ሲያለቅስ ነበር።

ክርክሩ በ2022 እንደገና ተቀሰቀሰ። ኮሚኩ ከ3.2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱ ተነግሮለት ድራማ ሆኖ ነበር፤ ዩሚን ኪም ጎ ኡን፣ በሁለተኛው ሲዝን ባቢን ደግሞ የጎት ሰቨኑ ፓርክ ጂን ያንግ ተጫወቱ። የዳኡን ነገር ድራማውም ውስጥ አለ። እዚህ ያሉ የኮሪያ ድራማ ወዳጆችም ብዙዎቹ ባቢን የተዋወቁት በዚህ ነው፤ የጂን ያንግ ፈገግታ ደግሞ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። እንዲህ እየሳቀ? ኧረ በናታችሁ!

ደራሲው ግን ከባቢ በፊት፣ ዩሚ ከዉንግ ተለያይታ በተሰበረችበት ጊዜ፣ መልሱን አስቀምጦት ነበር። ዩሚ በራሷ መንደር ውስጥ ቀጣዩ ወንድ ባለታሪክ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እንደሌለ፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት እሷ ብቻ እንደሆነች ይነገራታል። የኮሚኩ እጅግ ዝነኛ ቦታ ነው። አንባቢዎች ያጋሩታል፣ ይወዱታል፣ ከዚያ ዞር ብለው የዉንግ ቡድንና የባቢ ቡድን ሆነው ይፋለማሉ።

መጨረሻ ላይ ዩሚ ያገባችው ሁለቱንም አይደለም። ሺን ሱንሮክን ነው፤ በዕድሜ የሚያንሳት፣ መርህ የማይለቅ፣ ቤቱ መቀመጥ የሚወድ ልጅ። አሳታሚ ድርጅት ውስጥ የመጽሐፎቿ አርታኢ ነው። አዎ፣ አሁንም የሥራ ሰው። አብዛኛው አንባቢ ግን ወደደው።