ስላይዲንግ መስኮት ለምን ይጣበቃል? ለምንስ ከቦታው ይወልቃል?

አፓርታማ የሚረከብ ወይም ቤት የሚከራይ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ሴራሚኩን ያያል፣ የውሃውን ግፊት ይሞክራል። መስኮቱን ግን አንዴ ገፋ፣ አንዴ መለስ አድርጎት ያልፋል። እኛ ዛሬ እዚያ መስኮት ላይ ትንሽ እንቆያለን። ምክንያቱም አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስላይዲንግ ማለት፣ ሰው ከሚያልፍበት መንገድ በላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ከባድ መስታወት ማለት ነው።

ምን ያህል ከባድ? ስሌቱን ስልካችሁ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት፣ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ መስታወት 18 ኪሎ ነው ማለት ነው። ባለ 4 ሚሊ ቢሆን እንኳን 12 ኪሎ። የአልሙኒየሙን ፍሬም ገና አልደመርንም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን ይዞታል? ብዙ ሰው «ቁልፉ» ይላል። አይደለም። ቁልፉ የሚከለክለው ወደ ጎን መንሸራተቱን ብቻ ነው። ተንሸራታቹን ክፍል (ከዚህ በኋላ «ክንፍ» እያልን እንጠራዋለን) ከህንፃው ጋር የሚያቆየው ሁለት ነገር ነው፤ ከታች የሚቆምበት ሀዲድ፣ ከላይ ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ቦይ። በብሎን የታሰረ ነገር የለም፣ በማጠፊያም አልተያዘም።

የአልሙኒየም ሠራተኛ ክንፉን ሲገጥም አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። መጀመሪያ ክንፉን ወደ ላይ አንስቶ ጫፉን የላይኛው ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ታችኛውን ጫፍ ከሀዲዱ በላይ አሳልፎ ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል። አለቀ። የላይኛው ቦይ ጥልቅ የሆነው ለዚሁ ነው፤ ክንፉ ሲነሳ መግቢያ እንዲያገኝ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ወደ ላይ ተነስቶ የገባ ነገር፣ ወደ ላይ ከተነሳ ይወጣል። ሌባ ይሄን ያውቃል፤ ምድር ቤት ላይ ያለ መስኮት ቁልፉ ሳይሰበር ክንፉ እንዳለ ተነስቶ ሊወጣ ይችላል። ፎቅ ላይ ደግሞ ኃይለኛ ንፋስ፣ ወይም የተጣበቀ መስኮትን በንዴት ወደ ላይ እየነቀነቀ የሚገፋ ሰው ተመሳሳዩን ሊያደርግ ይችላል።

መፍትሔው አሳፋሪ በሆነ መልኩ ቀላል ነው። ክንፉ ከገባ በኋላ ከላይ የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ አለ። ላይኛው ቦይ ውስጥ በብሎን ይታሰራል፤ ወይም ከክንፉ ጫፍ ላይ ይገጠማል። እሱ ካለ ክንፉ ይንሸራተታል እንጂ አይነሳም። ስሙ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ «ክንፉ ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ነገር ገጥመህልኛል?» ብላችሁ መጠየቅ ይበቃል። ሠራተኛው ምን እንዳላችሁ ካልገባው፣ ያው መልሱን አገኛችሁ።

እቤት ያላችሁ ሰዎች አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። መስኮቱን ዝጉት፣ ቁልፉን ክፈቱት፣ ከውስጥ ሆናችሁ የክንፉን ሁለት ጎኖች ያዙና በእርጋታ ወደ ላይ አንሱት። ወደ ውጭ በፍጹም አትግፉ። ሁለት ሦስት ሚሊ ተንቀሳቅሶ ከቆመ ደህና ነው። ታችኛው ጫፉ ከሀዲዱ ሊወጣ እስኪደርስ የሚነሳ ከሆነ ግን መልሳችሁ አስቀምጡትና ሠራተኛ ጥሩ። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ይሄን ሙከራ ነገ አድርጉት።

አሁን ወደ መንሸራተቱ እንምጣ። ከክንፉ ስር ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ ሮለር ይባላሉ። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው እነሱ ላይ ነው። ቅድም ያሰላነው 18 ኪሎ ከፍሬሙ ጋር ሲሆን፣ አንዱ ሮለር ከ9 ኪሎ በላይ በየቀኑ፣ ቆሞም ሆነ እየሄደ፣ ይሸከማል። የጣት ጥፍር የሚያክል የፕላስቲክ ጎማ፣ ውስጡ ኩሽኔታ የሌለው ከሆነ፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ መሽከርከር ያቆምና መጎተት ይጀምራል።

«መስኮቱ ከብዶኛል» የምትሉት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይሄ ሆኖ ነው። ክንፉ አልከበደም፤ ጎማው ሞቷል። እና የሞተ ጎማ ስትጎትቱ የአልሙኒየሙን ሀዲድ ይፍቀዋል። ሀዲዱ አንዴ ከተበላ በኋላ አዲስ ሮለር ብትገጥሙም ያንኑ ጉድጓድ እያገኘ ይንገጫገጫል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ከተበላው ሀዲድ ላይ የማይዝግ ብረት ቆብ ማልበስ ነው፤ ፍሬሙን በሙሉ ከመቀየር በጣም ይቀላል። ከሁሉም የሚቀለው ግን ሮለሩን በጊዜ መለወጥ ነው። ርካሽ እቃ ነው። ለርካሽ እቃ ተብሎ ውድ ፍሬም ሲበላ ማየት ያናድዳል፤ በተለይ አከራይና ተከራይ «አንተ ክፈል፣ አንቺ ክፈዪ» ሲባባሉ።

ደግሞ ሮለሩ ሲያልቅ ክንፉ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ላይኛው ቦይ ውስጥ የገባው ጫፍም ያጥራል። ማለትም «የተጣበቀ» መስኮትና «የሚወልቅ» መስኮት ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ የአንዱ ችግር መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው።

ጥሩ ሮለሮች ማስተካከያ ብሎን አላቸው። ከክንፉ ጎን፣ ወደ ታች አካባቢ፣ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ። ካቻቢቴ አስገብታችሁ ስታዞሩት ክንፉ በዚያ በኩል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የክንፉና የፍሬሙ ጎን ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪገናኙ ሁለቱንም በኩል ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሞክሩ። እንደገና ሩብ ዙር። ርካሾቹ ላይ ይሄ ብሎን ጭራሽ የለም።

የምትገፉበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። መሳቢያን አንድ ጥጉን ብቻ ይዛችሁ ብትስቡ ጋደል ብሎ ይነክሳል አይደል? ቁመቱ ረጅም፣ ስፋቱ ጠባብ የሆነ ክንፍም ከላይ ከተገፋ እንደዚያ ነው። ጫፉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ታችኛው ይቀራል፣ አንዱ ሮለር ከሀዲዱ ቀና ይላል። ስለዚህ ቁመታም መስኮት ላይ እጀታው ዝቅ ቢል፣ ሮለሮቹም ወደ ሁለቱ ጥግ ተራርቀው ቢገጠሙ ይሻላል። ዲዛይን ስታዙ ጠባብና ረጅም ስላይዲንግ ከማዘዝ፣ ለዚያ ቦታ ባለ ማጠፊያ መስኮት መምረጥ የተሻለ ይመስለናል።

አሁን ስለ ዘይት። እባካችሁ ሀዲዱ ላይ የምግብ ዘይትም ሆነ ግራሶ አትቀቡ። ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ከዚያ የአዲስ አበባ አቧራ ይለጠፍበትና እንደ አሸዋ ወረቀት ይሆናል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ፣ ይድረቅ። ቅባት ካስፈለገ የሚረጨው ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ አለ። መስታወት የሚለጠፍበት ባለ ቱቦው ሲሊኮን ሌላ ነገር ነው! ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ያንን ሀዲድ ላይ እንዳታፈሱት።

ሀዲዱን ስታጸዱ ከውጭ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። የስህተት ቀዳዳ አይደሉም። ስላይዲንግ መስኮት ውሃ ጨርሶ አያስገባም ተብሎ አይሠራም፤ ሀዲዱ ጋ የገባው ዝናብ በነዚያ ቀዳዳዎች ተመልሶ እንዲወጣ ተብሎ ነው የሚሠራው። ከበጋው አቧራ ጋር ከተደፈኑ፣ ሐምሌ ላይ ሀዲዱ ሞልቶ ወደ ሳሎን ይፈስሳል። ከዚያ ሰው ምን ያደርጋል? ሲሊኮን ገዝቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ውሃውም በደንብ ወደ ውስጥ ይመጣል። ከክረምት በፊት በጥርስ መጎርጎሪያ መክፈት ይበቃ ነበር።

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ መንሸራተቱ ራሱ አደጋ ነው። ባለ ማጠፊያ መስኮት መክፈት ጥቂት ጉልበትና ብልሃት ይጠይቃል፤ በጥሩ ሮለር ላይ ያለ ክንፍ ግን የሦስት ዓመት ልጅ በአንድ እጁ ይገፋዋል። የትንኝ መረቡ ትንኝ እንጂ ልጅ አይዝም። ኒው ዮርክ ከተማ ከ1976 ጀምሮ ሦስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ህንፃ ውስጥ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ካለ ባለቤቱ የመስኮት መከላከያ ብረት እንዲገጥም በሕግ ታስገድዳለች። እንግሊዝ ውስጥ የመስኮት መገደቢያ ሲገጠም የተለመደው ልክ 100 ሚሊ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ክፍተት አየር ይገባል፣ የትንሽ ልጅ ጭንቅላት አያልፍም።

ስላይዲንግ ላይ ይሄን ለማድረግ ሀዲዱ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ትንሽ ማቆሚያ ይበቃል። 10 ሴንቲ ለኩና እዚያ እሰሩት። ብቻ አዋቂ ሰው በቶሎ ሊፈታው የሚችል ይሁን፤ እሳት ቢነሳ ያ መስኮት መውጫችሁ ሊሆን ይችላል። አልጋና ሶፋም ከመስኮቱ ስር አርቁ።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ መስኮት?» የሚል ካለ ሲንጋፖርን ይመልከት። ሕዝቡ በብዛት ፎቅ ላይ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች የመስኮት መውደቅ እዚያ የመንግሥት ጉዳይ ነው። በ2004 ባለ ማጠፊያ መስኮቶች ላይ ያሉት የአልሙኒየም ሪቬቶች በማይዝግ ብረት እንዲለወጡ በሕግ ታዘዘ። ያልለወጠ ሰው ይቀጣል፤ መስኮቱ ከወደቀ ባለቤቱ እስር ሊጠብቀው ይችላል። ለስላይዲንግ ደግሞ የቤት ባለቤቶች የጫፍ ማቆሚያዎቹና ክንፉን የሚይዘው ባለ ማዕዘን አልሙኒየም በቦታቸው መኖራቸውን እንዲያዩ ይመከራሉ። ቅድም ያወራነው ነገር ነው፤ እዚያ ግን ባለሥልጣን ይጠይቃችኋል።

ሲንጋፖር ሌላም ነገር አድርጋለች፤ ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን ይሄን አንብቡት። መስኮት ሲያጸዱ ወድቀው የሞቱ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ካነጋገረ በኋላ፣ በ2012 አሠሪ ሠራተኛዋን የመስኮት ውጪኛ ገጽ ማስጸዳት የሚችለው የመስኮቱ ፍርግርግ ተቆልፎና እሱ ወይም እሱ የወከለው አዋቂ ሰው አጠገቧ ሆኖ ሲቆጣጠር ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ስላይዲንግ መስኮት ለማጽዳት የሚያስቸግረው፣ የሩቁን ክንፍ ውጪኛ ገጽ ለመድረስ ሰው ከወገቡ በላይ ስለሚወጣ ነው። ሁለቱም ክንፍ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንዱን አጠገባችሁ አምጥታችሁ፣ እግራችሁን መሬት ላይ ተክላችሁ፣ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ አጽዱ። የማይደረስበት ክፍል ቆሽሾ ይቅር። መስኮት ላይ መቆም የሚጠይቅ ጽዳት ጽዳት አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ መስኮታችሁ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሚከፈት ይሆናል። እዚህ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ክንፉን ከፍ አድርጋችሁ ስትለቁት ለምን አይወድቅም? ድሮ በሽብልቅና በእንጨት ችካል ይደገፍ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እንግሊዞች ግድግዳው ውስጥ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ሸሽገው፣ በገመድና በመዘውር ከክንፉ ጋር አሰሩት። በየጎኑ የክንፉን ግማሽ የሚያክል ክብደት ይንጠለጠላል። ክንፉ ሲወጣ ክብደቱ ይወርዳል፤ በአንድ ጣት የሚነሳውም ለዚህ ነው። አናጺዎቹ አንድ ደስ የሚል ብልሃት ነበራቸው፤ ለላይኛው ክንፍ ክብደቱን ትንሽ ያበዙታል፣ ለታችኛው ትንሽ ይቀንሱታል። ስለዚህ ሁለቱም በራሳቸው ወደ መዘጋት ያደላሉ።

የዋሽንግተን ዲሲ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ይሄ ሥርዓት ዛሬም አለ። መስኮቱ በዱላ ካልተደገፈ የማይቆም ከሆነ፣ ግድግዳው ውስጥ ገመዱ ተበጥሷል ማለት ነው። ገመዱ ይለወጣል፤ መስኮቱን መጣል አያስፈልግም። በነዚህ ቤቶች ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ መስኮት እንጨት ከእንጨት ጋር እየተፋተገ ሲከፈትና ሲዘጋ ያን ቀለም ወደ ደቃቅ አቧራ ይፈጨዋል፤ አቧራው ደረት ከፍታ ላይ አይቀርም፣ ልጆች የሚድሁበት ወለል ላይ ያርፋል። የእርሳስ መርዝ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የ1978 ቀዳሚ ቤት ስትከራዩ ባለቤቱ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። የመስኮቱን ደፍ በደረቅ አትጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ አሸዋ ወረቀትም አታስነኩት።

አዳዲሶቹ ላይ ክብደቱ ቀርቶ ግድግዳው ዳር ስፕሪንግ ተተክቷል፤ አንዳንዱ እንደ ሜትር የሚጠቀለል የብረት ሪባን ነው። ብዙዎቹ ክንፋቸው ወደ ክፍሉ ውስጥ ስለሚጋደም ውጪኛውን ገጽ ሳሎን ቆማችሁ ታጸዳላችሁ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ክንፉን ስታወጡ ግን ስፕሪንጉን የያዘው ትንሽ መቆለፊያ መዞሩን አረጋግጡ። ካልተቆለፈ ስፕሪንጉ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ እዚያ ጋ ጣት ካለ ጣት ያገኛል።